ጦስኝን ልቀይር ወይስ ዘዴውን?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ከመንዝ የመጣ ጦስኝ ጥላ ሥር አድርቄ፣ ፈጭቼ በሜታኖል ዘፈዘፍኩት፤ ከዚያ ሜታኖሉን በሮታሪ ኢቫፖሬተር አስወግጄ የቀረውን በሙቅ ውሃ መታጠቢያ ላይ አደረቅሁት። ሐምራዊ ቀለምን በማጥፋት አንቲኦክሲዳንትነትን በሚለካው የዲፒፒኤች ሙከራ በሚሊ ሊትር 500 ማይክሮግራም ላይ 88 በመቶ አገኘሁ፤ ቫይታሚን ሲ 94 በመቶ ነው። በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ የማይበቅልበትን ክበብ በሚለካው የዲስክ ዘዴ ግን በስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ላይ 9 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ በኢ. ኮላይ ላይ ደግሞ ምንም አልታየም፤ ለማነጻጸሪያ የተጠቀምኩት አንቲባዮቲክ ሲፕሮፍሎክሳሲን 31 ሚሊ ሜትር አሳይቷል። አማካሪዬ ተክሉን እንድቀይር መከሩኝ። ሕዝቡ ግን ጦስኝን ለሳልና ለጉንፋን ሲጠጣ ኖሯል። ውጤቴ ይህን ልማድ ውድቅ ያደርገዋል? ተክሉንስ ልቀይር?

ምላሽ፦ ተክሉን አትቀይሪ። ይህን የምልሽ አማካሪሽን ለመቃወም አይደለም፤ የያዝሻቸው ቁጥሮች ስለ ጦስኝ ከሚናገሩት ይልቅ ስለ አሠራሩ የሚናገሩት ስለሚበዛ ነው። የመጀመሪያው ውጤት ከሚገባው በላይ አስደስቶሻል፤ ሁለተኛው ከሚገባው በላይ አስደንግጦሻል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቅጠሉ ኬሚስትሪ ነው። ጦስኝን በጣቶችሽ ስታሺው አፍንጫሽን የሚመታው ሽታ የዘይቱ ነው። በዚያ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኙት ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ውህዶች ናቸው፤ የአተሞቻቸው ዓይነትና ብዛት አንድ ሆኖ የሚለያዩት በአቀማመጥ ብቻ ነው። ባክቴሪያን በማጥቃት የሚታወቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የባክቴሪያው ሽፋን ቅባታማ ስለሆነ ሰርገው ይገቡበታል፤ ሽፋኑ ማፍሰስ ይጀምራል፣ ፖታሲየም ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሕዋሱ ኃይል የሚያመርትበት የፕሮቶን ልዩነት ይፈርሳል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ሌላው ወገን ደግሞ ሽታ የለውም። ሮዝማሪኒክ አሲድና እንደ ሉቲዮሊን ያሉ ፍላቮኖይዶች ናቸው፤ በሙቅ ውሃና በሜታኖል በደንብ ይሟሟሉ፣ አይተኑም፣ ሃይድሮጂንና ኤሌክትሮን ለመስጠትም አይሳሱም። የዲፒፒኤችን ሐምራዊ ቀለም ያጠፉልሽ በዋናነት እነዚህ ናቸው። ቲሞልና ካርቫክሮል ከዲፒፒኤች ጋር ያላቸው ምላሽ ከእነርሱ ጋር ሲነጻጸር ዝግ ያለ ነው።

ስለዚህ በጦስኝ ውስጥ ባክቴሪያውን የሚገድለውና ኦክሲዴሽንን የሚከላከለው አንድ ነገር አይደለም። አንድ ዓይነት ጭማቂ አዘጋጅተሽ ሁለቱንም ጠባይ ከእርሱ ስትጠብቂ፣ አንዱን ወገን ይዘሽ ሌላውን ማጣትሽ አይቀርም። ያጣሽው ዘይቱን ነው።

የት ሄደ? ጥላ ሥር ማድረቅሽ መልካም ነው፤ በዚያ የሚጠፋው ብዙ አይደለም። ወፍጮው ሲግል የተወሰነው ይተናል። ትልቁ ኪሳራ የመጣው ግን በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። በሮታሪ ኢቫፖሬተር ከሜታኖሉ ጋር ከፊሉ ወጣ፤ የቀረውን በክፍት ዕቃ ሙቅ ውሃ ላይ ስታቆዪው አብዛኛው ወደ አየር ሄደ። ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግሽም፤ የደረቀውን ጭማቂ ክዳን ከፍተሽ አሽትቺው። ሽታው ከቅጠሉ ሽታ ጋር የማይቀራረብ ከሆነ ዲስኩ ላይ ያደረግሽው ክሎሮፊል፣ ሰምና ስኳር የበዛበት፣ ዘይት የራቀው ነገር ነው። እንዲያውም ስታፊሎኮከስ ላይ 9 ሚሊ ሜትር መታየቱ ይገርማል።

አሁን ወደ ክበቡ። በተማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ እንደ ክበቡ ስፋት የሚመለክ ነገር የለም፤ እኔ ደግሞ እንደ እርሱ የሚያናድደኝ የለም። ዲስኩ ራሱ 6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 9 ሚሊ ሜትር ማለት በየጎኑ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የክበቡን ስፋት የሚወስነው የመድኃኒቱ ኃይል ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያው በሚበቅልበት ጄል፣ በአጋሩ ውስጥ የመጓዝ ችሎታውም ነው። አጋሩ አብዛኛው ውሃ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን በውሃ ውስጥ እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ዘይት ግን ከዲስኩ ብዙም አይርቅም፣ የሚተነውም ወደ ሳህኑ ክዳን ይወጣል። ደካማ ሆኖ በደንብ የሚሰራጭ ነገር ሰፊ ክበብ ሊሰጥሽ ይችላል፤ ጠንካራ ሆኖ የማይሰራጭ ደግሞ ጠባብ። በዚያ ላይ መደበኛው የሲፕሮፍሎክሳሲን ዲስክ የያዘው 5 ማይክሮግራም ነው። አንቺ በዲስክሽ ላይ ስንት እንዳደረግሽ አልጻፍሽም፤ እንደ ብዙዎቹ 2 ሚሊ ግራም ከሆነ 400 እጥፍ ማለት ነውና 9ን ከ31 ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ባወርና ኪርቢ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1966 እ.ኤ.አ. ዘዴውን ሲያስተካክሉ ያሰቡት ለአንቲባዮቲክ ነው። ለእያንዳንዱ መድኃኒት ይህን ያህል ሚሊ ሜትር ካሳየ ባክቴሪያው ይረታል፣ ከዚህ ካነሰ አይረታም የሚል ሰንጠረዥ የተዘጋጀው ከሌላ ልኬት ጋር ተገናዝቦ ነው። ለጦስኝ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የለም። በቅጠል ጭማቂ ክበብ ላይ ተመሥርቶ “ተጋላጭ”፣ “መካከለኛ”፣ “ተቋቋሚ” እያለ የሚከፋፍል ጽሑፍ ስታገኚ ገጹን ግለጪና እለፊ። ዲስኩን ከነጭራሹ ተዪ አልልሽም፤ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይጠቅማል። መደምደሚያ ግን አይሆንም።

የሚያስፈልግሽ ዝቅተኛው አጋጅ መጠን፣ ማለትም የባክቴሪያውን ዕድገት የሚገታው ትንሹ መጠን ነው፤ በቤተ ሙከራ ሰዎች ዘንድ ኤምአይሲ የሚባለው። 96 ጉድጓድ ባለው ሳህን ውስጥ ባክቴሪያ የሚያድግበትን ሙለር ሂንተን ፈሳሽ አድርጊ፤ ዘይቱን ዲኤምኤስኦ በተባለው ማሟሚያ አሟሚና በየጉድጓዱ በግማሽ በግማሽ እየቀነስሽ ሂጂ። የመጨረሻው ፈሳሽ ውስጥ ዲኤምኤስኦው ከ1 በመቶ አይለፍ። ባክቴሪያውን በ0.5 ማክፋርላንድ ድፍርስነት አዘጋጂ፤ ያ በሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ሕዋስ ገደማ ነው። ከዚያ አቅጥነሽ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው በሚሊ ሊትር 500 ሺህ ይሁን። በ35 ዲግሪ ከ16 እስከ 20 ሰዓት አቆዪው። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው የስታፊሎኮከስ ዝርያ በኤቲሲሲ (የባክቴሪያ ናሙናዎች ማከማቻ) መለያ ቁጥሩ 29213 ነው፤ 25923 በብዛት የሚያገለግለው ለዲስክ ነው። ኢ. ኮላይ 25922 ለሁለቱም ይሆናል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን በእርሱ ላይ ከ0.004 እስከ 0.016 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ካላሳየሽ የቀረውን ውጤት ከማንበብሽ በፊት አሠራርሽን ፈትሺ። ንጹህ ቲሞልም ግዢ፤ ዋጋው ውድ አይደለም። የዘይትሽን ቁጥር ከቲሞሉ ቁጥር ጎን ስታስቀምጪ ከሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር ከማወዳደር ብዙ እጥፍ ይነግርሻል።

እዚህ ላይ ዘይት ለሚሠራ ሰው ሁለት ወጥመዶች አሉ፤ የታተሙ ጽሑፎችም ውስጥ አያለሁ። አንደኛው እንፋሎቱ ነው። ከፍተኛ መጠን ካለበት ጉድጓድ የተነነው ዘይት ጎረቤት ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ሊገድል ስለሚችል፣ ዘይቱ ከእውነተኛው በላይ ኃያል ሆኖ ይታያል። ሳህኑን በማጣበቂያ ሽፋን ዝጊ፤ ከሁሉም ከፍተኛው መጠን አጠገብ ዘይት የሌለበት ባክቴሪያ ያለበት ረድፍ አስቀምጪና ማደጉን እዪ። ሁለተኛው ሬሳዙሪን ነው። ሰማያዊው ቀለም ወደ ሮዝ ሲለወጥ ሕያው ባክቴሪያ አለ ብለሽ ታነቢያለሽ። የሜታኖል ጭማቂሽ ግን ኤሌክትሮን በመስጠት የተካነ ነው፤ ያለ አንድም ባክቴሪያ ቀለሙን ራሱ ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ ጭማቂና ፈሳሽ ብቻ ያለበት፣ ባክቴሪያ የሌለበት ጉድጓድ በየመጠኑ የግድ ነው። በአንቲኦክሲዳንትነቱ ያስደሰተሽ ጠባይ እዚህ ውሸት ሊያናግርሽ ይችላል።

ቁጥሩን ካገኘሽ በኋላ እንዴት ይነበብ? ለጥሬ ጭማቂ በዘርፉ ብዙዎች የሚቀበሉት ልክ በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ትኩረት የሚገባው ነው የሚል ነው። 10 ወይም 50 ሚሊ ግራም ላይ “ፀረ ባክቴሪያ ኃይል አሳይቷል” የሚለው ዓረፍተ ነገር ባዶ ነው፤ በዚያ መጠን ብዙ ነገር ባክቴሪያን ያስቸግራል። ከኤምአይሲው በላይ ካሉት ጉድጓዶች ጥቂት ወስደሽ ንጹህ አጋር ላይ ዝሪ፤ ከመጀመሪያው ሕዋስ 99.9 በመቶው ከሞተ ገዳይ መጠኑን አገኘሽ። ኢ. ኮላይ ላይ ከስታፊሎኮከስ የበለጠ መጠን ቢያስፈልግሽ አይድነቅሽ፤ እንደ እርሱ ያሉ ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ተጨማሪ የውጭ ሽፋን አላቸውና ቅባታማ ነገር በቀላሉ አያልፋቸውም።

ወደ 88 በመቶው ልምጣ። ዲፒፒኤች ቀላል፣ ርካሽና ቀለሙ ለዓይን የሚያምር ሙከራ ስለሆነ በየቤተ ሙከራው ተስፋፍቷል። 500 ማይክሮግራም ላይ ለክተሽ ከቫይታሚን ሲ ጋር ተቀራረበ ማለት ግን ሁለቱም ጣሪያው ላይ ደርሰዋል ማለት ብቻ ነው። የሚጠፋ ሐምራዊ ቀለም ካለቀ በኋላ ብርቱውም ደካማውም አንድ ይመስላሉ። በዚያ መጠን የጠዋት ቡናሽን ብትለኪም ወደዚያው ጣሪያ ሊጠጋ ይችላል። ስድስት ወይም ሰባት መጠን ከታች ጀምረሽ ለኪ፤ ግማሹን ቀለም የሚያጠፋውን መጠን ከመስመሩ አውጪ፤ ቫይታሚን ሲውንም እንዲሁ። የጀመርሽበትን የዲፒፒኤች መጠን ጻፊ፤ 0.1 ሚሊሞላር ከሆነ በ517 ናኖሜትር ወደ 1 የሚጠጋ ንባብ ይሰጥሻል። ይህ ሳይጻፍ የሌላ ሰው ቁጥር ከአንቺ ቁጥር ጋር አይወዳደርም፤ ዲፒፒኤቹ ሲበዛ ግማሹን ለማጥፋት የሚያስፈልገው ጭማቂም ይበዛልና። ጭማቂሽ አረንጓዴ ስለሆነ ራሱ ብርሃን ይመጥጣል፤ ጭማቂና ሜታኖል ብቻ ያለበትን ንባብ ቀንሺ። ፌኖልን ለመለካት የሚሠራበትን የፎሊን ሲዮካልቶ ሙከራ ብትጨምሪም የሚያሳይሽ የፌኖል መጠን ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ቫይታሚን ሲም አንዳንድ ስኳርም አብረው ይቆጠራሉ።

ትክክለኛው ቁጥር ሲገኝም ስለ ጤና የሚለው ጥቂት ነው። እነዚህ ውህዶች አንጀትና ጉበት ውስጥ በፍጥነት ይለወጣሉ፤ ደም ውስጥ የሚደርሰው መጠን በቱቦሽ ውስጥ ካለው በጣም ያነሰ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግቦችን የአንቲኦክሲዳንት ኃይል የሚዘረዝረውን ኦራክ የተባለ ሰንጠረዡን በ2012 እ.ኤ.አ. ከድረ ገጹ ያነሳው፣ ቁጥሩ ከጤና ጥቅም ጋር ግንኙነት እንዳለው ሳይረጋገጥ የንግድ ማስታወቂያ ስለሆነ ነው። ስለዚህ በማጠቃለያሽ ላይ “ካንሰርንና የስኳር በሽታን ለመከላከል” የሚለውን ልማደኛ ሐረግ አታስገቢ። ለሽሮና ለበርበሬ ቅመም የሚጨመር ተክል ስለሆነ፣ ዘይት ያለበት ምግብ ምን ያህል ሳይበላሽ እንዲቆይ ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ለዲፒፒኤች ውጤት ይበልጥ የቀረበ ነው።

ልማዱን ውድቅ ያደርገዋል ወይ ላልሽው፦ አያደርገውም፤ አያጸድቀውምም። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ባክቴሪያ ገደለ አልገደለ የሚለው ሙከራ ለጉንፋን የሚጠጣን ሻይ የሚዳኝ አይደለም። ሳልን ማስታገስ አክታን ማቅጠን ወይም የመተንፈሻ ቱቦን ጡንቻ ማላላት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሌላ ሙከራ ነው። በሻይነቱ ባክቴሪያን ይገድል እንደሆነ ግን በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል። 2 ግራም ደረቅ ቅጠል ወስደን ዘይቱን 1 በመቶ እናድርገው፤ 20 ሚሊ ግራም ነው። ሁሉም ጠብታ ሳይቀር 200 ሚሊ ሊትር ኩባያ ውስጥ ቢገባ በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም ይሆናል። የቲሞል ኤምአይሲ በስታፊሎኮከስ ላይ በአብዛኛው በመቶዎች ማይክሮግራም የሚቆጠር ነው። ሊስተሪን የተባለው የአፍ መጉመጥመጫ ውስጥ ያለው ቲሞል 0.064 በመቶ ነው፤ በሚሊ ሊትር 640 ማይክሮግራም ማለት ነው። ሻዩ ኩባያው ውስጥ እያለ እንኳ እዚያ አይደርስም፤ ከተዋጠ በኋላማ ይበልጥ ይቀጥናል። ጉሮሮን ሲያልፍና እንፋሎቱ ሲታጠን የሚያደርገው ነገር ካለ ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

ከዚህ የምትወስጂው የራስሽ ጥናት አለ፤ ሻዩን ሰው እንደሚያፈላው አፍይው። አንዱን ክዳን ገጥመሽ፣ አንዱን ከፍተሽ፤ በሁለቱም ውስጥ የቀረውን ቲሞልና ካርቫክሮል ለኪ። ሜታኖል የሚጠጣ ሰው የለም፤ የአገር ተክል ጥናት ሁሉ ሜታኖል ላይ መሆኑ እኔን ሁሌም ያስገርመኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መታየታቸውን ነው። ተክሉ የተጠናው ሰው በሚጠቀምበት መልክ ነበር፤ ውሃ ውስጥ።

ስለ ናሙናው አንድ ነገር ያሳስበኛል። “ከመንዝ የመጣ” አልሽ እንጂ ማን እንደለየው አልነገርሽኝም። በአገራችን በዱር የሚበቅሉ ሁለት የጦስኝ ዝርያዎች አሉ፤ ታይመስ ሺምፐሪና ታይመስ ሰሩላተስ። የሁለተኛው ቅጠል ዳር ጥርስ ጥርስ አለው። ገበያ ላይ ሁለቱም ጦስኝ ናቸው። ከነአበባው አንድ ቅርንጫፍ ተጭኖ ደርቆ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ) ቁጥር ካልተሰጠው፣ የጻፍሽው ስለ የትኛው እንደሆነ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። በአንድ ዝርያም ውስጥ አንዱ ኮረብታ ቲሞል የበዛበት፣ ሌላው ካርቫክሮል የበዛበት ሊሆን ይችላል፤ ከፍታው፣ ወሩና የአበባው ደረጃ ይለውጡታል። ከአንድ ከረጢት ቅጠል ላይ ሦስት ጊዜ መለካት ፓይፔትሽ ምን ያህል እንደሚታመን ይነግርሻል እንጂ ስለ ጦስኝ ሦስት ማስረጃ አይሆንም። ቢያንስ ከሦስት ቦታ ሰብስቢ።

ስትሰበስቢ ጫፉን ቁረጪ፤ ሥሩን አትንቀዪ። መንዝ ውስጥ ከጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ከሆነ ነዋሪው የራሱ ሕግ አለው፤ አስፈቅጂ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን (አግኝቶ መጠቀምን) የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998ም አለ፤ በተለይ ናሙናው ለትንተና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ሳይያዝ አይሆንም።

ለአማካሪሽ ይዘሽ የምትሄጂው ዕቅድ አጭር ይሁን። ዘይቱን በክሌቨንጀር መሣሪያ በእንፋሎት አውጪ፤ አሠራሩ ከአረቄ አወጣጥ ብዙም አይለይም፤ ሦስት ሰዓት ይበቃል። የወጣውን ዘይት ውሃ በሌለበት ሶዲየም ሰልፌት አድርቀሽ በጨለማ ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሪ፤ ለኤምአይሲና የዘይቱን ውህዶች ለይቶ ለሚለካው ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚሆነው እርሱ ነው። ከዚያ ፍላስኩ ውስጥ ከቅጠሉ ጋር የቀረውን ቡናማ ውሃ እንዳትደፊው። ሮዝማሪኒክ አሲዱ ያለው እዚያ ነው፤ አጣርተሽ ለዲፒፒኤችና በፈሳሽ ውስጥ ያሉ ውህዶችን ለይቶ ለሚለካው ኤችፒኤልሲ ተጠቀሚበት፤ በ330 ናኖሜትር ይታያል። ከአንድ ማውጫ ሁለቱም ወገን ተለይቶ ይገኛል ማለት ነው፤ ሁለቱንም በሁለቱም ሙከራ ብትፈትኚያቸው የትኛው የትኛውን እንደሚሠራ ጽሑፍሽ በራሱ ማስረጃ ያሳያል። የሜታኖሉን ውጤት አትጣዪው፤ ዘይቱ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ማሳያ ሆኖ በሰንጠረዡ ውስጥ ይቀመጥ።

ያልተፈጨ ቅጠል ተርፎሽ ከሆነ አሁን አትፍጪው። ክዳኑ በሚገጥም የብርጭቆ ዕቃ አድርገሽ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪው፤ የሚፈጨው ክሌቨንጀሩ ተገጥሞ ውሃው ሊፈላ ሲል ነው።